የጎደለን አምስተኛው ሰው ነው

(በደብረ ማርቆስ ከተማ በአንድ የጽዋ ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂው ሲገለበጥ የተቀነሰው በጣም ጥቂት ነው።)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንዴት አመሻችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። ከኋላ የቆማችሁ ፊት ለፊት ቦታ አለ፣ ግቡ። እናቶች ልጆቹን ይዛችሁ ወደ ምንጣፉ ቅረቡ። ሕፃን ቢያለቅስ ምንም አይደል። እኛ ዘንድ ያለ ሕፃን ልቅሶ የተቀደሰ ቅዳሴ አላስታውስም።

የማኅበሩ ሰዎች ሲጠሩኝ «የገጠሩን አገልግሎት ንገሩን፣ ኑሮውን ንገሩን» አሉኝ። ደስ ብሎኝ መጣሁ። የማገለግልባት ቤተ ክርስቲያን ከደጋው ጫፍ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ከገደሉ ሥር ያለች ትንሽ ደብር ናት። ታቦቷ ኪዳነ ምሕረት ናት። መኪና ከላይ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። አንዳንዶቻችሁ በዚያው በኩል ተወልዳችሁ ያደጋችሁ ስለሆነ ገደሉን ታውቁታላችሁ። ለማያውቁት ልንገር ብዬ ነው።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ አገልግሎታችን እንዴት እንደሚውልና እንደሚያድር። ሁለተኛ፣ ሰዋችን ወዴት እንደሄደ። ሦስተኛ፣ እናንተን የምለምናችሁን። ሁለተኛው ላይ ልቆይ እችላለሁ፣ ታገሡኝ።

እሺ፣ ከቅዳሜ እንጀምር። ለእሑድ ቅዳሴ ሥራው የሚጀመረው ቅዳሜ ነው። እንዲያውም ከዚያ በፊት ነው። በእኛ ቀበሌ የሚበቅለው ማሽላና ጤፍ ነው፣ ስንዴ የለም። ለመሥዋዕቱ የሚሆነው ስንዴ ከደጋ ይወርዳል። ገበያ የወጣ ሰው በአህያ ጭኖ ያመጣዋል፣ አህያ ከሌለው በትከሻው። አንዲት እማሆይ አሉን። ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ይቀመጡና ስንዴውን ሰፌድ ላይ ዘርግተው ይለቅማሉ። ዓይናቸው ደክሟል። ጠጠሩን፣ እንክርዳዱን፣ የተሰበረችውን ፍሬ በጣታቸው እየዳበሱ ነው የሚያወጡት። አንድ እፍኝ ለቅመው ወደ ጎን ያደርጉና እንደገና ይመለሱበታል። «እማሆይ፣ ይበቃል፣ ጠርቷል» እላቸዋለሁ። «ለማን እንደሚቀርብ እያወቁ አባቴ!» ይሉኛል። ከዚያ ዝም እላለሁ።

የጧፉንም ፈትል የሚፈትሉት እሳቸው ናቸው። ሰሙን ቀፎ ካላቸው ሰዎች ይለምናሉ። ዘቢቡ ከከተማ ይገዛል። ሌሊት ዲያቆኑ ከምንጭ ውኃ ይቀዳል። በቤተ ልሔም ዱቄቱ ይፈጫል፣ ይቦካል፣ ኅብስቱ ይጋገራል። ወፍጮው የድንጋይ ወፍጮ ነው፣ ዲያቆኑ በእጁ የሚፈጨው። እናንተ ከተማ ውስጥ ቅዳሴ ስትገቡ መሶበ ወርቁ ተሸፍኖ፣ ተሸልሞ ሲወጣ ታያላችሁ። ከዚያ በፊት የስንት ሰው እጅ እንደነካው አስባችሁ ታውቃላችሁ?

ዕጣኑ ግን የራሳችን ነው። ይቺን ነገር ሳልነግራችሁ ማለፍ አልፈልግም። በዓባይ በረሃ የዕጣን ዛፍ ይበቅላል። በጋ ላይ ቅጠሉን ያራግፍና ደርቆ የሞተ ይመስላል። ልጣጩ ሲጫር ነጭ ወተት ያወጣል። ያ ወተት ቀን በፀሐይ፣ ሌሊት በንፋስ እየረጋ ይደርቃል። ፍየል የሚጠብቁ ልጆች ያንን እየለቀሙ በጨርቅ ቋጥረው ያመጡልናል። አንዱ ትንሽ ልጅ አንድ ቀን ቋጠሮውን ይዞ መጣና በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። «ግባ እንጂ» አልሁት። «እግሬ ቆሽሿል» አለኝ። እዚያው ተቀብዬው ለዲያቆኑ ሰጠሁት። በማግስቱ ማጠኛው፣ ጽንሐሑ፣ ሲጤስ ልጁ ከእናቱ ጎን ቆሞ ዓይኑን ከጭሱ ላይ አልነቀለም። የእሱ ነዋ! እሱ ያመጣው ነው!

እንግዲህ ይህ ሁሉ ተሰናድቷል። ኅብስቱ አለ፣ ወይኑ አለ፣ ዕጣኑ አለ፣ ጧፉ አለ። ሕዝቡ ነጠላውን አጣፍቶ መጥቷል። አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ቅዳሴ ለመግባት ስንት ልዑካን፣ ስንት ቀዳሾች፣ ያስፈልጋሉ? እስቲ ጮክ ብላችሁ። (ከሕዝቡ፦ «አምስት!») አምስት! ቢያንስ አምስት። ሁለት ካህናት፣ ሦስት ዲያቆናት። ዋናው ሠራዒ ካህን፣ ረዳቱ ንፍቅ ካህን፣ ሠራዒው ዲያቆን፣ ንፍቁ ዲያቆን፣ አምስተኛው መብራት የሚይዘው። በከተማ ሰባትም ይሆናሉ፣ ዐሥራ ሦስትም ይሆናሉ። ከአምስት በታች ግን ቅዳሴ የለም። አራት ቢገኝ የለም። አራቱ ቅዱሳን ቢሆኑ እንኳ የለም።

አንድ ወጣት «ጌታችን ሁለት ወይም ሦስት ሆናችሁ በስሜ ብትሰበሰቡ በመካከላችሁ እገኛለሁ ብሎ የለም ወይ?» ብሎ ጠይቆኛል። ብሏል፣ በማቴዎስ 18፥20 ተጽፏል። እኛም በእሱ ነው የምንኖረው። አምስት ባልሆንን ጊዜ የኪዳን ጸሎት እናደርሳለን። ውዳሴ ማርያም እናደርሳለን። ሕዝቡ ጸሎት አድርጎ፣ ትምህርት ሰምቶ፣ መስቀል ተሳልሞ ይሄዳል። ጌታ በመካከላችን አለ፣ አልተጠራጠርንም። ሥጋውና ደሙ ግን አልተፈተተም። ሊቆርብ ከትናንት ጀምሮ የጾመ ሽማግሌ ሳይቆርብ ይመለሳል። ይህን ቀላል ነገር ነው የሚለኝ አለ?

አምስት ማግኘት ምን ይከብዳል ትሉ ይሆናል። የእኛ አገር አምስት ሰው አርሶ አደር ነው። እኔም አርሳለሁ፣ ንፍቁም ያርሳል። ኅዳር ላይ አዝመራ ነው። ማጭድ ጣቱን የቆረጠው ካህን ደሙ እስኪቆም መቅደስ አይገባም። አንዲት ቁስል! ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲሆን ደግሞ ወባ ነው። ከዲያቆናቱ አንዱ በወባ ከተኛ አራት ቀረን። አንዱ ልቅሶ ሊደርስ ደጋ ከወጣ አራት ቀረን። በከተማ ሰሞነኛ አለ፣ ተረኛ አለ፣ አንዱ ቢታመም ሌላው ይተካል። በእኛ ዘንድ ተረኛውም ያልተረኛውም ያው አምስቱ ናቸው።

አንዲት እናት ነበረች። ሴት ልጅ ወልዳ ሰማንያ ቀኗ ደርሶ ክርስትና ልታስነሣ መጣች። ወንዙን ተሻግራ ነው የመጣች፣ ሌሊት ተነሥታ። ሕፃኗን በነጭ ነጠላ ጠቅልላ አዝላታለች። የክርስትና እናቲቱ አብራት አለች። ዳቦው በአገልግል ተይዟል። በዚያ ቀን መብራት የሚይዘው ልጅ በትኩሳት ይንቀጠቀጣል። ወደ አጎራባች ደብር ሰው ላክን። እነሱም ያላቸው ልክ አምስት ነው፣ አንዱን ቢሰጡን የእነሱ ይቀራል። ሰዓቱ ሄደ። ፀሐይ በረታች። እኔ ወጥቼ ነገርኋት።

ምን ያለችኝ ይመስላችኋል? አልተቆጣችም። አላለቀሰችም። «እኔስ እመለሳለሁ አባ። እሷ መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆንብኝስ?» አለችኝ። በቃ። ይህን ብቻ ነው ያለችኝ።

ሕፃኗ ታማ ቢሆን ኖሮ ሥርዓቱ መንገድ አለው፣ ለታመመ ሕፃን ቀን አይጠበቅም። ግን ደህና ነበረች። ጡቷን ጠግባ ተኝታለች። ስለዚህ የሚጠበቀው ነገር መጠበቅ ነበረበት። እናቲቱን ከመንደራችን አንዲት ሴት ወደ ቤቷ ወሰደቻት። ሳምንቱን እዚያው ከረመች። በሚቀጥለው እሑድ ልጃችን ተሽሎት ጧፉን ያዘ፣ ሕፃኗ ተጠመቀች፣ ቆረበች። ዳቦው በሳምንቱ ውስጥ አልቆ ስለነበር የመንደሩ ሴቶች ሌላ ጋገሩ። ደስታ ሆነ። እኔ ግን «እሷ መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆንብኝስ» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። እናንተስ? ልጃችሁን አዝላችሁ ወንዝ ተሻግራችሁ «ሰው ስለጎደለ ተመለሱ» ብትባሉ ምን ትሉ ነበር?

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር ልግባ። ሰዋችን ወዴት ሄደ?

ጎጃም ካህን የሌለበት አገር ነው እንዴ? በፍጹም! አዲስ አበባ ሂዱ። የፈለጋችሁት ደብር ግቡና መስቀል ከተሳለማችሁ በኋላ «አባ፣ አገርዎ የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ስንቱ ጎጃም ይላችኋል! ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ የቅኔና የመጻሕፍት ተማሪ ከአራቱም ማዕዘን ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ የመጣባቸው ቦታዎች ናቸው። ዛሬም ይመጣል። የትም አገር ያለ መቅደስ ውስጥ የጎጃም ድምፅ ይሰማል። ታዲያ ከዋሸራ ብዙም ሳይርቅ ያለች ደብር አንድ ዲያቆን አጥታ ትዘጋለች። አባቶቻችን የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ያሉት ይኼንኑ ነው። የእኛ ደብር ደግሞ እዚያው ዓባይ በረሃ ናት።

ለምን ሄዱ? ሰዎች «እምነት ቀነሰ» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ስንዴ ለቃሚዋን እማሆይ የነገርኋችሁ እምነት ቀነሰ እንዳትሉ ነው። ፍየል ጠባቂውን ልጅ የነገርኋችሁ ለዚሁ ነው። እምነቱ አለ። የጎደለው አገልጋዩ የሚበላው ነው።

ትልልቆቹ ታስታውሳላችሁ። ድሮ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የሚውል የሰሞን መሬት ነበር። ካህኑም፣ ደብተራውም፣ ዲያቆኑም በአገልግሎቱ መሬት ይዞ ይኖር ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ያም አብሮ ቀረ። አዋጁ በአገራችን ለብዙ ጭሰኛ እፎይታ ነበር፣ እኔ የገበሬ ልጅ ነኝና ይህን አልክድም። ግን አገልጋዩ በምን ይኑር የሚለውን ጥያቄ በእኛ በምእመናን እጅ ላይ ጥሎት ሄደ። ከተማው በሙዳየ ምጽዋት፣ በስእለት፣ በሱቅ ኪራይ መልስ አገኘለት። ገጠሩስ? ገጠሩ እስከ ዛሬ በየሰበካ ጉባኤው ይኼንኑ ጥያቄ እየጠየቀ አለ። ለካህን ደመወዝ የሚከፍል የገጠር ደብር ስንት ታውቃላችሁ?

ስለዚህ ዲያቆኑ ያድጋል፣ ሰውነቱ ይጠነክራል፣ ቤተሰቡ ይቸገራል። ሐምሌ ላይ ጓደኞቹ ለሰሊጥ አረም ወደ መተማ ወይም ሑመራ ሲሄዱ አብሮ ይሄዳል። አንዳንዱ ይመለሳል። አንዳንዱ በዚያው ባሕር ዳር ገብቶ ቀን ሥራ ይሠራል፣ ዘበኛ ይሆናል። ድምፁ ያማረው ደግሞ የከተማ ደብር ያገኝና እዚያ ይቀጠራል። ማን ይፈርድበታል? እኔ አልፈርድበትም።

እስቲ መጽሐፈ ነህምያን እናስታውስ። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር እንደሠራ ሁላችን እናውቃለን። በሃምሳ ሁለት ቀን ጨረሰው፣ ምዕራፍ 6፥15 ላይ ነው። ሁላችን የምንሰብከው ይቺን ነው። ሕንፃ ለማሠራት ገንዘብ ስንሰበስብ ነህምያን እንጠቅሳለን። ምዕራፍ 13ን ግን ማን ያነበዋል? ነህምያ ወደ ንጉሡ ሄዶ ሲመለስ ምን አገኘ? ቅጥሩ ቆሟል። በሮቹ አሉ። ሌዋውያኑ ግን የሉም። ለምን? ድርሻቸው አልተሰጣቸውም። ስለዚህ ሌዋውያኑና መዘምራኑ እያንዳንዳቸው ወደ እርሻቸው ሄደዋል። ወደ እርሻቸው! ነህምያም በእነሱ አልተቆጣም። የተከራከረው ከማን ጋር ነው? ከአለቆቹ ጋር። «የእግዚአብሔር ቤት ስለ ምን ተተወ?» አላቸው። ከዚያ ሌዋውያኑን ሰብስቦ በየስፍራቸው አቆማቸው። ሕዝቡም የእህሉን፣ የወይኑንና የዘይቱን ዐሥራት ወደ ዕቃ ቤቱ አመጣ።

ቅጥሩ ቆሞ ቤቱ ተተወ። ወገኖቼ፣ ይህ በእኛ አገር እየሆነ ነው። በዐይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። በአንድ አጎራባች ቀበሌ የሣር ክዳን የነበረች ቤተ ክርስቲያን ነበረች። በከተማ የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች ገንዘብ አዋጡ። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ከአንጀታቸው ነው ያደረጉት። ሲሚንቶው፣ ቆርቆሮው፣ ብረቱ በሰው ትከሻ ገደል ወረደ። ሽማግሌ ሳይቀር ተሸክሟል። ሲመረቅ ካህናት ከከተማ መጡ፣ መዘምራን መጡ፣ በሬ ታረደ፣ እልልታው ገደሉን አናወጠው። እኔም ነበርሁ፣ አልቅሻለሁ። ማታውን እንግዶቹ ወደ ላይ ወጡ። የቀሩት አንድ ሽማግሌ ቄስና ሁለት ልጆች ናቸው። ክረምቱ ሳይወጣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ከበዓል በቀር የማትከፈት ሆነች። ቆርቆሮው ያበራል። ከሩቅ ትታያለች። በሩ ግን ቁልፍ ነው።

ስለዚህ እላለሁ። ሕንፃውን ተዉት አልልም። ሣር ክዳን ሲያፈስ ታቦቱ ላይ ነው የሚያፈሰው፣ መሠራት ያለበት ይሠራ። ግን መጀመሪያ መቅደሱን የሚሞላ ሰው፣ ከዚያ ቆርቆሮ! መጀመሪያ አምስት፣ ከዚያ ሲሚንቶ! እባካችሁ ይህን ቅደም ተከተል ያዙልኝ።

አሁን ደግሞ እኛ ዘንድ ምን እንደተደረገ ልንገራችሁ፣ ልመናዬ ከእሱ ስለሚነሣ። ያ በትኩሳት የተኛው ልጅ፣ መብራት ያዡ፣ ከተሻለው በኋላ ለሰሊጥ አረም ሊሄድ ተነሣ። አባቱ አንድ ጥማድ በሬ ያላቸው ደካማ ሰው ናቸው። ጠርቼ አነጋገርኋቸው። «አባ፣ ልጄ ቢቀድስ ደስታዬ ነው። እሱ መቅደስ ሲውል እኔን ማን ያርስልኝ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዋርካው ሥር ሕዝቡ ተሰበሰበ። ነገሩን ሳልሸፋፍን ነገርኋቸው። ዝም ተባለ። ከዚያ አያ እገሌ የምንላቸው አንድ ሽማግሌ ተነሡ። ብዙም የማይናገሩ ሰው ናቸው። «ልጁ መቅደስ ሲገባ እኛ እርሻው ላይ እንገባለን» አሉ። ተቀመጡ።

በዚያ ሳምንት ደቦ ወጣ። የልጁ አባት መሬት ታረሰ። ሲታረም ታረመ፣ ሲታጨድ ታጨደ። ሴቶቹ ጠላውንና እንጀራውን ይዘው ወጡ። ልጁ ቀረ። አሁንም አለ። ድምፁ ጎርንኗል፣ ንፍቅ ዲያቆን ሆኗል፣ መብራቱን የሚይዘው ከእሱ በታች ያለ ሌላ ልጅ ነው።

አንድ ደቦ አንድ ቤተ ክርስቲያን አዳነ። ብር አልወጣም። ፕሮጀክት አልተጻፈም። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ራሱ «የኔታ ያስፈልገናል» አለ። አንድ የኔታ ለመንን፣ መጡልን። ጎጆ ተሠራላቸው። እያንዳንዱ ቤት በአዝመራ አንድ አንድ ቁና እህል ያዋጣል። ልጆቹ ቀን ቀን መደበኛ ትምህርት ቤት ይውላሉ። ይህን በኃይል ነው የያዝነው፣ ወላጅ «ልጄን ከትምህርት አስቀራችሁት» እንዲለን አንፈልግም። ማታ ከየኔታ ዘንድ ናቸው። ፊደል የቆጠረው ወደ መልእክተ ዮሐንስ ይገባል፣ በግእዝ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ። ከዚያ ዳዊት። ጨለማ ሲሆን የቃል ትምህርት ነው፣ መጽሐፍ አያስፈልገውም። እኔ አንዳንድ ማታ ከእርሻ ስመለስ ከሩቅ እሰማቸዋለሁ። ትንንሾቹ ውዳሴ ማርያም በቃል ይቀበላሉ። የኔታ አንዲት ሐረግ ይላሉ፣ እነሱ ይደግማሉ። አንዱ ይስታል። የኔታ ይመልሱታል። እንደገና ይላል። እዚያው መንገድ ላይ ቆሜ እሰማለሁ። ምን ያህል ደስ እንደሚለኝ ልነግራችሁ አልችልም።

ግን ቁናው አይበቃም። ዝናብ በቀረበት ዓመት የሕዝቡ ጎተራ ራሱ ባዶ ነው። የቆሎ ተማሪ ድሮ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ከደጅ ደጅ ይዞር ነበር። በተራበ መንደር ማንን ይለምናል?

ሦስተኛው ነገር ይኸውላችሁ። ልመናዬን በአጭሩ እናገራለሁ።

የመጀመሪያው ቀለብ ነው። የየኔታው ቀለብና የልጆቹ ልብስ። አንድ ጊዜ ብዙ ሰጥታችሁን ከምትረሱን በየወሩ ጥቂት ስጡን። ማኅበራችሁ በየወሩ ጽዋ ይጠጣል አይደል? ከጽዋው ጋር አንድ ድርሻ ለየኔታ ይቀመጥ። ይህ ለእኛ ብቻ አይደለም። በገደሉ ዙሪያ እንደ እኛ ያሉ ደብሮች አሉ። ከመካከላችሁ የትውልድ ቀበሌውን የሚያውቅ ሁሉ ሄዶ «ስንት ናችሁ? አምስት ናችሁ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። «ጣራው ያፈሳል ወይ?» ከማለታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ።

ሁለተኛው እናንተው ናችሁ። እዚህ ጉባኤ ላይ ዲያቆናት አላችሁ? እስቲ እጃችሁን አውጡ። አንድ፣ ሁለት... ኧረ ብዙ ናችሁ! ከኋላም አሉ። እግዚአብሔር ይባርካችሁ። እሑድ እሑድ በደብራችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ መቅደስ የምትገቡት? ስንቶቻችሁስ ተራ ሳይደርሳችሁ ከቅኔ ማኅሌት ቆማችሁ ታስቀድሳላችሁ? እንግዲያው በወር አንድ እሑድ ስጡን። ሁላችሁም አይደላችሁም፣ በተራ። ቅዳሜ ከቀትር በፊት በመኪና ትመጣላችሁ። ከደጋው ጫፍ ልጆቻችን ይቀበሏችኋል። ገደሉን አብራችሁ ትወርዳላችሁ። ማታ የመንደሩ እናቶች እግራችሁን ያጥባሉ፣ እምቢ እንዳትሏቸው፣ ይከፋቸዋል። ሌሊት ለኪዳን ትነሣላችሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዳቦ በልታችሁ ትመለሳላችሁ። የእኛም ዲያቆናት ከእናንተ ዜማ ይማራሉ። ቅዳሴውን ደብረ ዓባይ ወይም ሰለልኩላ ወርዶ የተማረ ሰው ከመካከላችሁ ካለ እሱ ትንሽ ይቆይልን፣ ሳምንት ቢሰጠን በደስታ እንቀበለዋለን።

ሦስተኛው ትንሽ ነገር ነው። ሁለት የሶላር መብራት ለልጆቹ ጎጆ። ዳዊቱን በኩራዝ ጭስ ነው የሚያነቡት፣ ዓይናቸውን እየጎዳው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለወላጆች። ልጃችሁ ዲቁና ሲቀበል ታለቅሳላችሁ፣ ፎቶ ታነሣላችሁ፣ ደግ ነው። ከዚያ በኋላ ግን «ገጠር እንዳትሄድ፣ ወባ አለ፣ ገደል ነው» አትበሉት። የእኛም ልጆች እናት አላቸው። ገደሉን በየቀኑ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ።

ሰዓቱ እንደሄደ አየሁ፣ አስተባባሪው ምልክት እያሳየኝ ነው። የማኅበሩ ጸሐፊ በሩ አጠገብ መዝገብ ይዞ ተቀምጧል። ለቀለቡ የምትሰጡትን፣ ለተራውም ስማችሁን እሱ ጋ አስመዝግቡ። የመጀመሪያው ተራ ከትንሣኤ በኋላ ባለው ወር 16 ቀን፣ በኪዳነ ምሕረት ዕለት ይሁን ብለናል። የምትመጡ ዲያቆናት ነጠላችሁንና ልብሰ ተክህኗችሁን ያዙ፣ የእኛ አንሶ ሦስተኛው ዲያቆን የአዋቂ ቀሚስ እየጎተተ ነው የሚያገለግለው። ጫማችሁ ድንጋይ የሚይዝ ይሁን። ውኃ አትሸከሙ፣ መንገድ ላይ ምንጭ አለ። ከዘቢብና ከስንዴ ግን የቻላችሁትን ይዛችሁ ውረዱ።

ስለሰማችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፣ አሜን።